የእህት ዘነበችን ስኪ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ

ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ ባለው አገር በረዶ የረገጠ የሐበሻ እግር ሁሉ በእኔ እጅ አልፏል። አላጋነንኩም። እሺ፣ ትንሽ አጋንኛለሁ። እሺ፣ በጣም አጋንኛለሁ፤ አሥራ አንድ ሰው ነው። ከአሥራ አንዱ አሥሩ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። የምጽፈው ስለ አሥራ አንደኛዋ ነው።

አሥር ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ለሰው ትንፍሽ ሳልል ኖሬያለሁ። ባለቤቴ እንኳ የምታነበው እንደ እናንተ ከዚሁ ወረቀት ላይ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የሚባል የለም፤ ሰው ኃጢአቱን በቀጥታ ለጌታ ይነግራል። እኔም ነግሬዋለሁ፤ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ ሳይሰለቸው አይቀርም። ግን ጌታ እኔ ያጎደፍኩትን የሰው ስም ቤት ለቤት እየዞረ አያጸዳልኝም። ያ የእኔ ሥራ ነው። ስለዚህ እናንተ፣ የምታውቁኝም የማታውቁኝም፣ ለጥቂት ጊዜ የንስሐ አባቴ ሁኑና ስሙኝ። መሐል ላይ ቀልድ ካመለጠኝ አትሳቁልኝ። እኔን ያበላሸኝ የሰው ሳቅ ነው።

ፍሬው እባላለሁ። ቤቴ ሳን ሆዜ ነው፤ የምሠራው ሚልፒታስ፣ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ እሁድ እሁድ ለአምልኮ ኦክላንድ እሄዳለሁ። በጉባኤያችን ሰርግ ሲኖር መድረክ የምመራው እኔ ነኝ። ስብከት ሲረዝም ሰዓቴን ፈትቼ ቆሟል እንዴ ብዬ ጆሮዬ ላይ የማስጠጋውም እኔ ነኝ። ሰው ገና ሲያየኝ፣ አፌን ሳልከፍት ይስቃል። ይህ ለአንድ ሰው ምን ያህል መርዝ እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው።

ይህ ነገር ከሆነበት ክረምት በፊት በነበረው ክረምት፣ ከፋብሪካው ሌላ ሁለተኛ ሥራ ይዤ ነበር። ሳን ሆዜ ውስጥ ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ መንሸራተቻ ረጅም ጣውላ፣ የሚያከራይና የሚጠግን አንድ ሱቅ ነበር፤ እኔ ከኋላ ክፍል ነበርኩ። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ሰው ተከራይቶ የመለሰውን ጫማ መቀበል፣ ውስጡ መድኃኒት መርጨት፣ ማድረቂያው ላይ መስቀል። በአንድ ክረምት የሺህ ሰው እግር አሽትቻለሁ። ሽታው ሬሳ ይቀሰቅሳል። ቴክኒሻኖቹ ከፊት፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ነበሩ፤ ከግድግዳው ላይ ደግሞ ያልተመዘገበ ሰው መሣሪያ እንዳይነካ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። የስኪ ጫማ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። እሱን ከረጅሙ ስኪ ጋር የሚያያይዘው ብረት ባይንዲንግ ይባላል። ይህ ብረት ሰውየው ሲሄድ መያዝ፣ ሲወድቅ መልቀቅ አለበት። ሲወድቅ ካለቀቀ፣ ያ ረጅም ነገር እግሩን ይጠመዝዘዋል። ምን ያህል ኃይል ሲመጣበት እንደሚለቅ የምትወስነው አንዲት ብሎን ናት፤ አጠገቧ ቁጥር አለ። ቁጥሩ የሚወጣው ከሠንጠረዥ ነው፤ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የጫማው ርዝመት፣ የሰውየው ችሎታ ታይቶ። ቴክኒሻኖቹ ለዚህች ብሎን ሲሉ ተምረዋል፣ ተፈትነዋል፣ ብረቱን ከሚሠራው ኩባንያ ወረቀት ተቀብለዋል። ደንበኛው ፎርም ሞልቶ ይፈርማል፤ እነሱም ይፈርማሉ፤ ከዚያ በማሽን ይፈትሹታል። አንድ ነገር ቢፈጠር ኩባንያው ከኋላቸው የሚቆመው ይህ ሁሉ ሲሟላ ነው። ከእኔ ኋላ ግን ማንም አልነበረም፤ ማድረቂያው ላይ ከተሰቀለው ጫማ በቀር።

አንድ ቀን ሥራ ቀዝቅዞ ሳለ ከጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴ አንስቼ አንዱን ብሎን መነካካት ጀመርኩ። ሽማግሌው ቴክኒሻን አየኝ። አልተቆጣም። «ያቺን ብሎን ስታዞር በሰው እግር ላይ እየፈረምክ ነው» አለኝ። «ፊርማ አለህ?» የለኝም አልኩት። እንግዲያው አስቀምጣት አለኝ፤ አስቀመጥኳት። ልብ በሉ፤ አልሰማሁም ማለት አልችልም። ተነግሮኛል። በገዛ ፋብሪካዬ እንኳ አንዲት ብሎን ምን ያህል መጥበቅ እንዳለባት በወረቀት ተጽፎ ይሰጠናል፤ ያልሠለጠነ ሰው አይነካትም። እኔ በሙያዬ ይህን የማውቅ ሰው ነኝ። ካላወቀ ሰው የሚብሰው አውቆ የሚያደርገው አይደለም?

ክረምቱ አለቀ፤ ሥራውም አለቀ። ወሬው ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያደገ ሄደ። መጀመሪያ «ስኪ ሱቅ ሠርቻለሁ» አልኩ። ከዚያ «ስኪ እጠግን ነበር» ሆነ። የትንሣኤ ሰሞን ላይ ሰርቲፋይድ ቴክኒሻን ሆኜ ተነሣሁ። ማን ይጠይቃል?

በተከታዩ ክረምት የቤተሰብ ኅብረታችንን የሚመራው ወንድም ጌታቸው ሁላችንንም በረዶ ሊያሳየን አሰበ። ዩኒየን ሲቲ ያለ አሜሪካዊ ጎረቤቱ ጋራዡን ሲያጸዳ አሥራ አንድ ጥንድ አሮጌ ስኪ ከነጫማው ሰጥቶታል። ጌታቸው ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ወተት ሲገዛ እንኳ ቀኑን ሁለት ጊዜ ያነባል። ስኪዎቹን ጭኖ ሱቅ ወሰዳቸው። ሱቁ መለሰው። ብረቶቹ በጣም ያረጁ ናቸው፣ የሠሯቸው ኩባንያዎች ከዚህ በኋላ ኃላፊነት አይወስዱላቸውም፣ እኛም አንነካቸውም አሉት። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ይህንን አንገቱን ደፍቶ ነገረን። ልጆቹ አጉረመረሙ።

እኔ ተነሣሁ። ሱቆቹ አዲስ እንድትገዙ ነው እንዲህ የሚሉት አልኩ፤ እኔ እያለሁ ምን ቸገራችሁ አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ጌታቸው ብቻ አላጨበጨበም።

«ፍሬው፣ ሰርተፊኬቱ አለህ አይደል?»

«ፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ» አልኩት።

ሳሎኔ ውስጥ የተሰቀለው የሰርጌ ፎቶ ነው።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ሰው ተሰልፎ እኔ መሐል ተቀመጥኩ። ሠንጠረዡን ስልኬ ላይ አውርጄዋለሁ። ክብደት ስጠይቅ ወንዶቹ ይጨምራሉ፣ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። የእህቶችን ክብደት በሰው ፊት ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ወንድ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በዓይን ገመትኩ፤ የበዓል ሰሞን በግ እንደሚመርጥ ሰው ከላይ እስከ ታች እያየሁ ጻፍኩ። ሰው በሳቅ ሞተ። አንዱ የሚፈረም ነገር የለም ወይ ሲል በወንድማማች መካከል ምን ፊርማ አለ አልኩት። እሱ ቢፈርም እኔም መፈረም ነበረብኛ።

ከዚያ የእህት ዘነበች ተራ ደረሰ።

ዘነበችን ላስተዋውቃችሁ። ኦክላንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌዎችን ከአልጋ የምታነሳ፣ የምታጥብ፣ የምታስተኛ ሴት ነበረች። ክንዷ የወንድ ክንድ ነው። በጉባኤያችን የጸሎት መሪ ነበረች፤ ተንበርክካ አንድ ሰዓት ስትጸልይ ወጣቶቹ ጉልበታቸውን እያሻሹ ይነሳሉ፣ እሷ አትነሳም። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሜሮን። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛ አንድ ሳይቀራት የምትሰማ፣ በእንግሊዝኛ የምትመልስ። አባትየው የሉም። ሜሮን እናቷን «ከሥራና ከጸሎት ውጪ ከእኔ ጋር አድርገሽ የምታውቂው ነገር የለም» ብላት ነው ዘነበች በረዶ ልሂድ ያለችው። ለዚያች ልጅ ስትል ነው የተሰለፈችው።

ዕድሜ ስላት ረጋ ብላ «አርባ አራት» አለች። ሃምሳ አምስት ነበረች። እንዴት አወቅክ ብትሉኝ፣ ሃምሳኛ ዓመቷን ስናከብር መድረክ የመራሁት እኔ ነኝ። ብዙዎቻችን ሁለት ዕድሜ አለን፤ አንዱ ከእናታችን አፍ የሰማነው፣ ሌላው ወደ አሜሪካ ለመምጣት ፕሮሰስ ስንጀምር የሆነ ሰው ሞልቶልን እስከ ዛሬ ይዘነው የምንዞረው። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ሽማግሌው ቴክኒሻን ላያውቀው ይችላል፤ እኔ ግን አውቃለሁ። እና ምን አደረግኩ? ድምፄን ከፍ አድርጌ «በወረቀቱ ነው በእውነቱ?» አልኳት። ሰው ሳቀ። እሷ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ወንድም ፍሬው፣ ሰው ፊት እንዲህ አታድርገኝ፤ በወረቀቱ ጻፍ» አለችኝ።

ሠንጠረዡ ላይ ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ይላል። አራት መሆን የነበረበትን አምስት ላይ አደረግኩት። እውነቱን እያወቅኩ ወረቀቱን ጻፍኩ። ቀልዴን ባልቀልድ ኖሮ እውነቱን ሹክ ትለኝ ነበር። ይህ የመጀመሪያው በደሌ ነው። ትንሹም እሱ ነው።

ታሆ የሚባለው በረዶማ ተራራ ስንደርስ ቀኑ ብሩህ ነበር። ልጆቹ ጮሁ፣ ትልልቆቹ ፎቶ ተነሱ። ጀማሪዎች በሚማሩበት፣ ተዳፋትነቱ እምብዛም በማይታይ ሜዳ ላይ ሁሉም ይንከላወስ ጀመር። እኔ መካኒኩ ነኝና ከታች፣ ከቫኑ አጠገብ መሆን አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ዘነበች ሁለት እርምጃ ሄደች፤ የቀኝ እግሯ ስኪ ተላቀቀ። መልሰን አስገባንላት፤ እንደገና ተላቀቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲላቀቅ ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። ከትልልቆቹ አንዱ «ፍሬው፣ በማስቲካ ነው እንዴ ያያዝከው?» አለ። ሌላው ሰርተፊኬቱን ከፍሬሙ አውጥተህ ጀርባውን አንብበው አለኝ። ሁሉም ሳቁ።

ሃያ ዓመት ሰው ሳስቅ ኖሬያለሁ። በእኔ ላይ ሲሳቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ጆሮዬ ጋለ። ዘነበች አልሳቀችም። «ተወው ወንድም ፍሬው፤ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ልጄን አያታለሁ» አለች። የሜሮን ፊት ጠወለገ።

ተዪው፣ ቁጭ በይ ማለት ምን ገደለኝ? ሁለት ቃል ነው። የስኪው መላቀቅ ምክንያት ደግሞ ከጫማዋ ሥር የተጋገረ በረዶ ነበር። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሰዎች ጫማ ከማስገባታቸው በፊት ሶሉን ሲፍቁ ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። በእጅ የሚጸዳ ነገር ነው። እኔም ተንበርክኬ «በረዶውን ላጽዳልሽ» አልኳት። አፌ ትክክለኛውን መድኃኒት ተናገረ። እጄ ግን አላጸዳም። ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ካቻቢቴውን ከኪሴ አወጣሁ።

አዞርኩት። አንድ ዙር። እንደገና አዞርኩት። ሁለት። ሦስተኛውን ሳዞር ብሎኑ እያቃሰተ ነበር፤ ቁጥሩ ስምንትን አለፈ። እኔ ነኝ ያዞርኩት። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አልለመነኝም። ከዚያ ተነስቼ፣ ከእንግዲህ ጌታ ራሱ እስኪመጣ አይለቅም አልኩ። አሁን ሰው ከእኔ ጋር ሳቀ። ጆሮዬ በረደ። ደስ አለኝ። ይህን ነው ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፤ ደስ አለኝ።

ሜሮን የእናቷን እጅ ይዛ፣ ጫማውን አስተካክላ ብረቱ ውስጥ ረገጠችላት። ጠቅ አለ። ሁለቱም ተያይተው ፈገግ አሉ። እኔ ወደ ቫኑ ሄድኩ።

አወዳደቋን ያዩት ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ የወደቀች አትመስልም ነበር፣ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። ሰውነቷ ወደ አንድ በኩል ዞረ፣ ስኪው በረዶ ውስጥ ተተክሎ ቀረ፣ ጉልበቷ መሐል ላይ ሆነ። ሮጬ ስደርስ አትጮህም። የጌታን ስም ዝቅ ባለ ድምፅ ደጋግማ ትጠራለች። የተራራው የእርዳታ ሠራተኛ መጣ፤ ያንን ብረት ከጫማዋ ለማላቀቅ በሁለት እጁ ታገለ። ቀና ብሎ ይህን ያስተካከለው ማነው ብሎ ጠየቀ። እኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ። አሮጌ ዕቃ ነው፣ ከሰው ያገኘነው ነው አልኩት። ሁለቱም እውነት ነው። እውነት እየተናገሩ መዋሸትን ማን አስተማረኝ?

የጉልበቷ ጅማቶች ተበጥሰው ነበር። ስኪው በእኔ ቫን ተጭኖ ሳን ሆዜ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ጋራዤ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ካቻቢቴውን አነሳሁ። መልሼ አዞርኩት፤ ሦስት ዙር ወደ ግራ። ቁጥሩ አምስት ላይ ቆመ። ተራራው ላይ ሳጠብቀው ሰው ስቆብኝ ነበር፤ አፍሬ ነበር፤ ሞኝነት ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ጋራዡ ውስጥ ግን ማን ሳቀ? ማንም። እዚያ ረጋ ብዬ፣ አስቤ ነው ያደረግኩት።

ጌታቸው ሌሎቹም ስኪዎች ችግር ይኖርባቸዋል ብሎ ፈርቶ ያንን ስኪ ወስዶ ለሱቁ አሳየው። ሱቁም እንዲህ ያረጀ ዕቃ ላይ አንፈርምም፣ ቁጥሩ ግን ለአርባ አራት ዓመት ጀማሪ ልክ ነው፤ ጫማው በደንብ ሳይገባ ቀርቶ ወይም ከሥሩ በረዶ ኖሮ ሊሆን ይችላል አለው። እሁድ ዘነበች ቤት፣ ዩኒየን ሲቲ ተሰብስበን ይህን ነገረን። ዘነበች እግሯ ብሬስ በሚባለው የጉልበት ማሰሪያ ታስሮ ሶፋው ላይ ነበረች። ሜሮን ከእናቷ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ሁሉም ዓይን ቀስ እያለ ወደ እኔ መዞር ሲጀምር ታወቀኝ።

«ለመሆኑ ጫማውን ማን ነበር ያስገባላት?» አልኩ።

ይህን አልኩ። እኔ። ማን እንዳስገባላት እያወቅኩ፣ በዓይኔ አይቼ። ዓይኖቹ ከእኔ ላይ ተነሱ። ልጅቷ ምንጣፉን እያየች «ኢት ወዝ ሚ» አለች። እናቷ ወዲያው ፀጉሯን ዳበሰቻት፣ ከጌታ የመጣ ነው ልጄ አለቻት፣ እኛም ሁላችን አዎ ከጌታ ነው አልን። እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ አልኩ። የእኔን ሦስት ዙር ለጌታ አስረከብኩት፤ የተረፈውን ደግሞ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ።

ክስ ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን ስደልል ኖሬያለሁ። ፍርድ ቤት ሱ ያደርጉኛል፣ ቤቴን ያሳጡኛል፣ ምንም ወረቀት ሳይኖረኝ ነክቻለሁ፣ በነፃ መሥራቴ አያድነኝም እል ነበር። ይህ ሰበብ አንድ ሳምንትም አልቆየም። ዘነበች ገና ሆስፒታል ተኝታ ሳለ በእኔ ምክንያት አንድም ወንድም ፍርድ ቤት አይቆምም ብላ ለጌታቸው ተናግራለች፤ እኔም ሰምቻለሁ። ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን አስፈራኝ? ተውኝ፤ ምክንያት ባወጣ ሌላ ቀልድ ነው።

ሁለት ጊዜ ሰርጀሪ አደረገች። ሰው ማንሳት ስለማትችል ያንን ሥራ ተወች፤ አሁን እዚያው ነርሲንግ ሆም በር ላይ ተቀምጣ እንግዳ ትመዘግባለች። መንበርከክ አትችልም። እኛ ስንንበረከክ እሷ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ይዛ ቆማ ትጸልያለች፤ እኔም ሁልጊዜ ዓይኔን ሳልጨፍን አያታለሁ። ለስድስት ወር ያህል ወደ ቴራፒ የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል ተባለልኝ። ሜሮንም ከኋላ ወንበር ትቀመጥ ነበር። እናቷ ስትገባ የመኪናውን በር ትዘጋላታለች፣ ከዚያ መልሳ ትከፍተዋለች፣ እንደገና ትዘጋዋለች፣ በእጇ ትገፋዋለች። ሁልጊዜ። አንድም ቀን አንድ ጊዜ ዘግታ አልተወችም። እኔ በመስተዋቱ እያየኋት ሞተር አስነሳ ነበር።

አሥር ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር የእኔም ጉልበት ተጎዳ፤ ሐኪሙ ሳን ሆዜ ወዳለ ፊዚካል ቴራፒ ላከኝ። በሩን ከፍታ ስሜን የጠራችው ሜሮን ነበረች። እዚያ እንደምትሠራ አላውቅም ነበር። «ጋሽ ፍሬው» ብላ አቀፈችኝ። አልጋው ላይ አስተኝታኝ፣ እግሬን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዴት እንደተጎዳሁ ጠየቀችኝ። መጻፍ አለባት፤ እንደ አጎዳዱ ነው የምታክመው።

«ስኪ ነው» አልኳት።

እጇ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ ሲያቅታት በእንግሊዝኛ እየሞላች ነገረችኝ። ይህን ሙያ የመረጠችው የእናቷን ጉልበት ስለሰበረች ነው። ያንን ጠቅ የሚል ድምፅ እስከ ዛሬ ትሰማዋለች። እናቴ ይቅር ብላኛለች አለች። ግን አንድ ነገር አለ አለች፤ ያኔ ስኪውን ያስተካከልከው አንተ ስለሆንክ መጀመሪያ ሰው ሁሉ አንተን ነበር የሚያየው፣ በእኔ ጥፋት አንተ ተጠረጠርክ፣ ልጅ ስለነበርኩ ይቅርታ ጠይቄህ አላውቅም።

«አይ አም ሶሪ፣ ጋሽ ፍሬው» አለችኝ። «ይቅር በለኝ።»

አሁን ስሙኝ። ከሦስቱ ዙር በላይ፣ ከጋራዡ በላይ፣ ዘነበች ቤት ከተናገርኩት በላይ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ይቅር አልኳት። ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ፣ ልጄ፣ እኔ ድሮ ረስቼዋለሁ አልኳት። እሷም አለቀሰች፣ አመሰገነችኝም፤ ከዚያ ጉልበቴ ላይ በረዶ አደረገችልኝ።

ዘጠኝ ቀን እህል አልበላ አለኝ። እሺ፣ በልቻለሁ፤ ግን አልጣፈጠኝም። በአሥረኛው ቀን፣ እሁድ ከሰዓት፣ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ሁለቱም ነበሩ። ሳልቀመጥ ጀመርኩ፤ ዕድሜውን፣ ሳቁን፣ አጽዳለሁ ብዬ ማጥበቄን፣ ጋራዡን፣ ሁሉንም። በሕይወቴ አንድም ቀልድ ሳልጨምር የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው።

ዘነበች ስለ ጉልበቷ አላነሳችም፤ ስለ ሥራዋም አላነሳችም።

«የእኔስ ይሁን፤ ልጄን ለምን?» አለች።

ይቅር በሉኝም አላልኳቸውም፤ ያንን ቃል ሜሮን ላይ አርክሼዋለሁ፣ በቅርቡ በአፌ የሚመለስ አይመስለኝም። እናንተንም አልጠይቅም። የጠየቅኳቸው፣ ተራራው ላይ ለነበረው ሰው ሁሉ እውነቱን እንድጽፍ እንዲፈቅዱልኝ ብቻ ነው። ዘነበች ጻፍ አለችኝ። ዕድሜዬንም በእውነቱ ጻፈው አለች። ጽፌዋለሁ።

ሜሮን መስኮቱ ጋ ቆማ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ ዞረች፤ ድምፅዋ የሥራ ቦታ ድምፅ ነበር። ፋይልህን ማስተካከል አለብኝ አለችኝ፤ የተሳሳተ ነገር ተጽፎበት እንዲቀመጥ አልፈልግም።

«የአንተን ጉልበት የትኛው ተራራ ላይ ነው የጎዳኸው?»

ተራራ የለም አልኳት። በሕይወቴ ስኪ ላይ ቆሜ አላውቅም። ጉልበቴን የጎዳሁት ቤቴ ሻወር ውስጥ ሳሙና ረግጬ ነው።